የሻይበል 5 ዶላር፦ ለሴት ልጆቻችን የቼዝ ፕሮግራም የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ቤዝ ስለምትባል ቼዝ ተጫዋች ልጅ የሚተርከውን የኔትፍሊክስ ድራማ «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት»ን መነሻ አድርገን ለሴት ልጆቻችን ቼዝ እንጀምር ተባብለን ነበር። ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው። የእኔ ሐሳብ ሰባቱንም ክፍሎች በየቅዳሜው አንድ አንድ እያልን በአዳራሻችን ብናሳይ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ኔትፍሊክስ ለቤት ነው የሚከፈለው፤ አዳራሽ ሰው ሰብስቦ ማሳየት ውሉ አይፈቅድም። ሁሉም ቤቱ ይየው፣ አዳራሹ ለጨዋታ ይሁን። ገንዘቡንም ለሰሌዳና ለቼዝ ሰዓት እናውለው። ተጠቅልሎ የሚያዝ ሰሌዳ 12 ከነጠጠሮቹ ከገዛን 24 ልጆች በአንዴ ይጫወታሉ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ቤቱ የሚያየው ማን ነው? ልጆቹ ከሆኑ አልስማማም። ቤዝ ኬንታኪ ያለው የሕፃናት ማሳደጊያ ስትገባ ገና 9 ዓመቷ ነው። ለልጆቹ የሚታደለውን ማረጋጊያ ክኒን ታጠራቅምና ማታ ትውጠዋለች። ጣሪያው ላይ ጠጠሮቹ ተገልብጠው ሲንቀሳቀሱ የሚታያት ያኔ ነው። ትዕይንቱ በጣም ያምራል። የሚያስፈራኝም ማማሩ ነው። ልጄ «ክኒኑ ነው ጎበዝ ያደረጋት» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? በኋላ ደግሞ መጠጡ አለ። ድራማውን እኛ ወላጆች እንየው፣ ለልጆቹ ጨዋታውን እንስጣቸው።

ጸሐፊ፦ ልክ ነሽ። አስተካክዬዋለሁ።

ጋሼ (ቼዝ የሚያስተምሩን)፦ ልጆቼ፣ እኔ ስለ ሻይበል ልናገር። የማሳደጊያው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ምድር ቤት ብቻውን ተቀምጦ ሲጫወት ነው ያገኘችው። መጀመሪያ ሴት ልጅ ቼዝ አትጫወትም ብሎ መለሳት። እሷ ግን ተመላልሳ ስትጠይቀው አስተማራት። ካደገች በኋላ ለመጀመሪያው ውድድር መመዝገቢያ 5 ዶላር አጣች። ካሸነፍኩ 10 አድርጌ እመልሳለሁ ብላ ጻፈችለት፣ ላከላት። አሸነፈች፣ ዝነኛ ሆነች፣ ብሩን ግን አልመለሰችም። መጨረሻው ክፍል ላይ እሱ ከሞተ በኋላ ያ ምድር ቤት ስትገባ ግድግዳው ላይ ስለ እሷ የተጻፈው የጋዜጣ ቁራጭ ሁሉ ተለጥፏል። ሁለቱ አብረው የተነሡት ፎቶም አለ። እዚያ ላይ እንባዬ መጣ። እዚህ ሜሪላንድ ቼዝ የሚችሉ ስንት አባቶች ቅዳሜ ከሰዓት ካፌ ተቀምጠው ይውላሉ። እነሱን ነው መጥራት ያለብን። እያንዳንዱ ሁለት ልጅ ይያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ይሄ ይገባል። መመዝገቢያም እንጨምር። ደረጃ የሚያዝበት ውድድር ለመግባት የዩኤስ ቼስ (የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን) አባልነትም መክፈል ያስፈልጋል።

የወጣቶች ተጠሪ፦ አንድ ነገር እንዳይረሳ። በ2020 ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት 62 ሚሊዮን ቤት ከፍቶ እንዳየው ኔትፍሊክስ ተናግሯል። ያ ሁሉ ቤት ስለ ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ ሐሰት ሰምቷል። የመጨረሻው ክፍል ላይ ከወንዶች ጋር ተጫውታ አታውቅም ይላል። ኖና እኮ በሕይወት ያለች የጆርጂያ አገር ቼዝ ተጫዋች ናት! ከ1962 እስከ 1978 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። ታሪኩ በሚያበቃበት በ1968 ከብዙ ወንዶች ጋር ተጫውታለች። በ1978 ግራንድማስተር (የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) የተባለች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በ80 ዓመቷ ኔትፍሊክስን ከሰሰች፣ በ2022 ተስማሙ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ኖና ይሁን። ከልጆቹ አንዷ ታንብብልን።

የሁለት ልጆች እናት፦ በጣም እስማማለሁ። ግን ጅምሩ ላይ ሴቶች ለብቻቸው ይሁኑ። ትልቋ ልጄ የቼዝ ክበብ ገብታ ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት ቦርሳዋን ወርውራ «አልሄድም» አለችኝ። አልተሸነፈችም እኮ። ማንም አብሯት አይቀመጥም ነበር።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ይገባኛል እህቴ፣ ያማል። ግን ለብቻ ብቻ ከሆነ አይበቃም። ሀንጋሪያዊቷ ቼዝ ተጫዋች ጁዲት ፖልጋር የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ላይ ተወዳድራ አታውቅም፤ ከሁሉም ጋር ነው የተጫወተችው። በ1991፣ በ15 ዓመቷ ግራንድማስተር ሆነች። በ2002 ለዚሁ ድራማ የቼዝ አማካሪ የነበረውን የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካስፓሮቭን አሸንፋዋለች።

ጋሼ፦ ስድስት ሳምንት ለብቻቸው፣ ከዚያ ከወንዶቹ ጋር። ማሟሟቂያ ደግሞ የኛን የኢትዮጵያን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ አሳያቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ወረራ አለ፤ ተራ የለም፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ። ልጆች ይወዱታል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይኸው፦ ወላጆች ቤታቸው ያያሉ። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ለጨዋታ ነው። ሰሌዳ 12፣ ሰዓት 6። አስተማሪ አባቶችን ጋሼ ይጠራሉ። የኖና ቀን መክፈቻው ነው። ከ7ኛው ሳምንት ጀምሮ ድብልቅ። የውድድር መመዝገቢያና አባልነት ከማኅበሩ። የቀረው መጀመሪያ ውድድር የምትገባው ልጅ ክፍያ ነው፤ በጀቱ እስኪጸድቅ አይደርስም።

ጋሼ፦ እሱን እኔ እችላለሁ። ትመልስልኝም አልልም።