ፊደሉን ታነባለች፣ መልእክቱ ግን አይገባትም፤ ከየት ልጀምር?

የአዘዞዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ 43 ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። የጎልማሶችን ትምህርት ሁለቱንም ዓመት ጨርሳለች፤ ፊደል አንድም አትስትም፣ ስሟንም ቁጥርንም ትጽፋለች። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከባንክ የመጣ መልእክት ጮክ ብላ እስከ መጨረሻው ታነባለች፤ "ታዲያ ምን ይላል?" ስትባል ግን መልሳ እሱኑ ታነበዋለች። የኪራይ ውሉም፣ የመድኃኒት ወረቀቱም፣ የቀበሌ ማስታወቂያውም እንደዚያው ነው። የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ ብናመጣላት "የልጅ ነገር ነው" ብላ ዘጋችው። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት አለን። ተረት ይሻላል ወይስ ጋዜጣ? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

መምህር ዘማራኪ

መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት የት ላይ እንደምትሰናከል እወቂ። "አይገባትም" ስንል የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም መጥራታችን ነው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ማጣሪያው እንዲህ ነው። ስምንት መስመር ያህል የሆነ ጽሑፍ አንቺ አንብቢላትና ምን እንዳለ በራሷ ቃል ትንገርሽ። በማግስቱ ክብደቱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ጽሑፍ ራሷ አንብባ ትንገርሽ። ስትሰማ ገብቷት ስታነብ ከጠፋባት ችግሩ ንባቡ ላይ ነው፤ ሐሳቧ ፊደል በመልቀም ያልቃል። ስትሰማም ካልገባት ግን ንባቧን ብታፋጥኚላት ጥቅም የለውም፤ እንግዳ የሆነባት ቃሉ ወይም የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው።

ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው አማርኛ ጨካኝ ነው፤ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። "ውሉን በጊዜው ያላሳደሰ ተከራይ ቤቱን ወዲያው እንዲለቅ አይገደድም" የሚለውን እየለቀመ የሚያነብ ሰው "እንዲለቅ" ላይ ሲደርስ ፈርዶ ጨርሷል። ፍርዱን የሚገለብጠው "አይገደድም" የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱ ሲደርስ ደግሞ የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ከጆሮው ወጥቷል።

ችግሩ ዘገምተኛነቱ ከሆነ በየቀኑ አዲስ ጽሑፍ አታምጪባት። ከ60 እስከ 80 ቃል ያለውን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ አስነብቢያት፦ አንደኛ አንቺ ስታነቢ እሷ በጣቷ እየተከተለች፣ ሁለተኛ አብራችሁ፣ ሦስተኛ ብቻዋን፣ አራተኛ በማግስቱ ብቻዋን። በስልክ ሰዓቱን ያዢላት። በአራተኛው ላይ ከሦስት ቦታ በላይ የማትደናቀፍ ከሆነ ወደ ሌላ እለፉ። ለጽሑፍ ምርጫም መለኪያ አለ፤ ከ100 ቃል ውስጥ የማታውቃቸው ከ5 ከበለጡ ያ ጽሑፍ ለጊዜው ይቆይ።

ሌላው ብዙ አስተማሪ የሚዘነጋው የማጥበቅና የማላላት ነገር ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም። "ገና" ላልቶ "ገና አልመጣም" ነው፣ ጠብቆ ደግሞ በዓሉ ነው። "ዋና" ላልቶ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፣ ጠብቆ "ዋናው በር" ነው። "ይበላል" እሱ ይበላል ወይስ ምግቡ ይበላል? ፊደል በፊደል የምትለቅም ሰው ሁሉንም አላልታ ስለምታነብ፣ ከአፏ የሚወጣው ቃል ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ቃል አይመስላትም። እንዲህ ሲያጋጥማት ቃሉን አትንገሪያት፤ "ጠብቆስ ቢነበብ?" ብቻ በያት።

ስለ ሆሄያቱም አታድክሚያት። "ሀኪም" እና "ሐኪም"፣ "ጸሐይ" እና "ፀሐይ" አንድ ቃል መሆናቸውን አንድ ምሽት ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰ፣ ሠን፤ አ፣ ዐን፤ ጸ፣ ፀን ጎን ለጎን ጽፈሽ አሳዪያትና እለፉ። የአጻጻፍ ክርክሩን ለእኛ ተዉልን።

መነጽር

ከሁሉ በፊት ዓይኗን! ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ዕይታ መድከሙ የተለመደ ነው። ወረቀቱን ወይም ስልኩን ክንዷን ዘርግታ ራቅ አድርጋ ከያዘች፣ ቀን ቀን ከማታ ይልቅ የምታነብ ከሆነ፣ ትልልቁን የሱቅ ጽሑፍ ሳትደናቀፍ አንብባ ትንንሹ ላይ ከቆመች ምልክቱ እሱ ነው። ደቃቅ ፊደል ላይ ቤ እና ቢ፣ ሉ እና ሊ መለየት ለደከመ ዓይን ከባድ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፤ ተለክታ ትምጣ። ከመንገድ ላይ በግምት መነጽር አትግዙ። አምፖሉም ከፊቷ ሳይሆን ከትከሻዋ ኋላ ይሁን።

ቁም ንባብ

መምህር ያሉት ደግ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልከራከር። ጮክ ብሎ ማንበቡን እንደ ግብ ያዩት ይመስላል።

በእኛ አገር ንባብና ትርጓሜ ጥንትም ሁለት ቤት ናቸው። በንባብ ቤት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ ይወጣል፤ ዳዊት ይደግማል። ምን እንደሚል ማወቁ የኋላ ሥራ ነው፤ ለዚያ መጻሕፍት ቤት፣ ማለትም ትርጓሜ ቤት አለ። ጎንደር ደግሞ የአንድምታ፣ "አንድም" እያሉ ትርጉም የመደርደር፣ አገር ናትና ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቤተ ክህነት ደጃፍ ያልደረሰውም ሰው ቢሆን "አንብብ" ሲሉት ድምፅ እንዲያሰማ የተጠየቀ ይመስለዋል። አክስትሽ "ምን ይላል?" ስትባል መልሳ ማንበቧ ስንፍና አይደለም፤ ንባብ ማለት ለእሷ ያ ነው።

ስለዚህ ልማዱን ከትርጓሜ ቤት ተዋሱ። ዐረፍተ ነገሩን ጨርሳ፣ ወረቀቱን ገልብጣ፣ በገበያ ቋንቋዋ ትበለው፤ ቃሉን ሳይሆን ነገሩን። ከዚያ "አንድምስ?" በያት፤ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችል እንደሆነ ትፈልግ። ጮክ ማለቱ ከመምህር አራት ዙር ውስጥ ለሁለቱ ይበቃል፤ ሦስተኛውና አራተኛው በልብ ይሁን፣ ከንፈሯ ቢንቀሳቀስም ግድ የለም። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ስለ ድምፁ ይጨነቃል፤ በተለይ ሰው ፊት።

ዐራት ነጥብንም (።) አስተምሪያት። ብዙዎች ሳይቆሙ ያልፉታል፤ ያኔ የፊተኛው ግሥ ከኋለኛው ባለቤት ጋር ይጋባል። እዚያ ላይ እስትንፋስ ትውሰድ፣ ነጠላ ሰረዝ (፣) ላይ ግን አትቁም።

በቃሏ የምታውቀውን ጸሎት ለመለማመጃ አትጠቀሙበት። አፏ ከዓይኗ ቀድሞ ስለሚሄድ ማንበቧንም መረዳቷንም ልትለዪ አትችይም።

የአዘዞዋ

ማጣሪያውን ሠራሁት። ተረት ሳነብላት እንዳለ መለሰችልኝ፤ ራሷ ስታነብ ግማሹ ጠፋ። የባንኩን መልእክትና ውሉን ግን ሳነብላትም አልገባትም። ሁለቱም አለባት ማለት ነው? ስልኳንም ራቅ አድርጋ ነው የምትይዘው፤ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ማመልከቻ ጸሐፊ

አዎ፣ ሁለቱም አለባት። ሁለተኛው ግን የእሷ ጥፋት አይደለም፤ የቢሮ አማርኛ ሌላ ቋንቋ ነው። ማንም ሰው ገበያ ላይ "ገቢ ተደርጓል" አይልም፤ "ገባ" ይላል።

ለባንክ መልእክት ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ገባ ወይስ ወጣ? ስንት? ስንት ቀረ? "ከሂሳብዎ ብር 1,500 ተቀንሷል፤ ቀሪ ሂሳብዎ ብር 3,240 ነው" ቢል ብዙ ሰው የመጨረሻውን ቁጥር ያየና 3,240 ብር የገባለት ይመስለዋል። "ከሂሳብዎ" እና "ወደ ሂሳብዎ" የሚሉት ሁለት ቃላት ላይ እስክትሰለች አለማምጃት፤ ገንዘቡ የሚሄድበትን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ ደግሞ ንባቡም እዚያው ያብቃ፤ አትመልስለት።

ለውል እርሳስ ያስፈልጋችኋል። መጀመሪያ ወደ ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ሄዳ ግሡን ታስምር። ቀጥሎ ቁጥሮቹን ትክበብ። ከዚያ "ካል…"፣ "በስተቀር"፣ "እስከ… ድረስ" የሚሉትን በሳጥን ታስገባ። ለምሳሌ፦ "ተከራይ የወሩን ኪራይ ወር በገባ በ5 ቀን ውስጥ ካልከፈለ አከራይ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል።" ግሡ "ይችላል" ነው፤ "አለበት" አይደለም፤ ስለዚህ አከራዩ ቢፈልግ ነው። ቀጥሎ ጠይቂያት፦ ወር በገባ በ6ኛው ቀን ሊያስወጣት ይችላል? አይችልም፤ 15ቱ ቀን ገና አልተቆጠረም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመለሰች ገብቷታል፤ ዐረፍተ ነገሩን ደግማ ብትልልሽ ግን ምንም አላረጋገጥሽም።

የሚያሳስቱ ሐረጎች ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ደብተር ይያዙ። "ከ3 ዓመት ያላነሰ" ከሆነ ልክ 3 ዓመት ያለው ይገባል፤ "ከ3 ዓመት በላይ" ከሆነ አይገባም። "ከ30 ቀን ያልበለጠ" ሲል 30ኛው ቀን ውስጥ ነው። ከሁሉም የባሰው "ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት" የሚለው ነው። ሰኞ የወጣ ከሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ካልተቆጠሩና በመሐል በዓል ከሌለ የሚያበቃው በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ነው። "የሥራ" የሚለው ቃል ከሌለ ግን በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ያልቃል። ሁለት ቀን የሚያስቀረው አንድ ቃል ነው። የቀን መቁጠሪያ አውርዳችሁ በጣት ቁጠሩት።

ጋዜጣ ያልሽው ለጊዜው ይቆይ። የዜና ዐረፍተ ነገር 30 እና 40 ቃል ይሄዳል፤ "…መሆኑን… መምሪያው አስታወቀ" ብሎ የተናገረውን መጨረሻ ላይ ያመጣል። በኩር ጋዜጣን ከገዛሽ ከርዕሶቹና ከጨረታ ማስታወቂያዎቹ ጀምሪ፤ የፊት ገጹን ዜና በኋላ፣ እሱንም "ማን አለ?" እና "ምን አለ?" ብላችሁ ለሁለት ሰንጥቃችሁ።

ቀበሌ 18 ነርስ

የመድኃኒቱን ልጨምር። "ገባሽ?" ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። "እስቲ እንዴት እንደምትወስጂው አሳዪኝ" በያት። "በየ8 ሰዓቱ" የሚል ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ከጀመረች ቀጣዩ ቀን 8 ሰዓት፣ ከዚያ ማታ 4 ሰዓት ነው። "በቀን 3 ጊዜ" የሚለውን ግን ብዙ ሰው ቁርስ፣ ምሳና መክሰስ አድርጎ ይወስደውና ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ያድራል። ለኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ ለሚበጠበጠው ዱቄት) ደግሞ አንድ ከረጢት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። "ለ1 ሊትር" የሚለውን ያለፈ ሰው በብርጭቆ ይበጠብጠዋል፤ ከመጠን በላይ ጨው ያለበት ይሆንና ይጎዳል፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ።

ማሸጊያው ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 8/2026 የሚል ከሆነ የሚያበቃው በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ነው። በእኛ አቆጣጠር ያነበበችው ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስላታል፤ ያለፈበት መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚከማቸው አንዱ በዚህ ነው። ሰዓቱም እንደዚያው፤ ከአዘዞ የሚነሳ የአውሮፕላን ትኬት 08:00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ነው።

መምህር ዘማራኪ

የቁም ንባብን ተቃውሞ ተቀብያለሁ፤ ሁለቱ ዙር በልብ ይሁን።

እንግዲህ ግማሽ ሰዓቷን እንዲህ ክፈዪው። መጀመሪያ 5 ደቂቃ የትናንቱን ጽሑፍ መድገም፤ ቀጥሎ 10 ደቂቃ ለፍጥነት ቀላል ጽሑፍ፣ እዚህ ላይ ተረቱ ጥሩ ነው፣ ታሪኩን በጆሮዋ የምታውቀው ስለሆነ ሐሳቧ ለንባቡ ይተርፋል። ከዚያ 15 ደቂቃ አንድ እውነተኛ ወረቀት፤ የራሷ የውኃ ደረሰኝ፣ የራሷ ውል። በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። ቅዳሜ ከገበያ ደክማ ስለምትገባ ይለፍ፤ ደክሞት የሚያነብ ሰው ፊደል ብቻ ነው የሚያየው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ላልሽው፦ ሁሉን ነገር አንድ ላይ አትያዙ። ለመጀመሪያው ወር የባንክ መልእክት ብቻ፣ ቀጥሎ የመድኃኒት ወረቀት፣ ውሉ በሦስተኛው ወር። በየጊዜው ከዚህ በፊት ያላየችው መልእክት አምጪና ሦስቱን ጥያቄ ያለ እርዳታ ትመልስ። አምስት አዳዲስ መልእክት ተከታትለው ከተሳኩ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ካልተሳኩ የወሩ ማለቅ ምክንያት አይሆንም።

አንድ ደብተር ብቻ ይኑራት፤ በቀን ከ3 አዲስ ቃል አይብለጥ። ከቃሉ ጎን ፍቺውን ሳይሆን በራሷ ሥራ የተሠራ ዐረፍተ ነገር ትጻፍ፦ "ቀሪ፦ ከ5 ኪሎ በርበሬ 2 ሸጥሁ፣ ቀሪው 3።"

የአዘዞዋ

እግዜር ይስጥልኝ። መነጽሩን በዚህ ሳምንት እንለካለን። እስከዚያ የስልኳን ፊደል ላተልቅላት ነው፤ ይህ ጉዳት የለውም?

መነጽር

የለውም፣ ግን በልክ ይሁን። በጣም ካተለቅሽው በአንድ መስመር ሁለት ቃል ብቻ ይቀርና "ከሂሳብዎ" ከላይ፣ "ተቀንሷል" ከታች ሆነው ይለያያሉ፤ ስክሪኑን እየገፋች ስታነብ መጀመሪያውን ትረሳዋለች። መልእክቱ ሙሉውን በአንድ ስክሪን እስከታየ ድረስ ብቻ አተልቂው።