የወንጀልና የፍትሕ የእንግሊዝኛ ቃላት እየተምታቱብኝ ተቸግሬአለሁ

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። በክሊኒክ ውስጥ ለአራት ዓመታት በአስተርጓሚነት ከሠራሁ በኋላ አሁን ለፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ፈተና በመዘጋጀት ላይ ነኝ። ሦስት መቶ ያህል ቃላትን በካርድ ጽፌ በቃሌ ይዣለሁ። ሆኖም ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ስለ ልጇ የመጣ ደብዳቤ እንዳነብላት ስትጠይቀኝ «ቻርጅድ» የሚለውን «ተፈርዶበታል» ብዬ ነገርኋት፤ ምስኪኗ እናት እዚያው አለቀሰች። ክስ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን የነገራት ጠበቃው ነው። ካርዱን ስገልጥ የማውቀው ቃል በሚያስፈልገኝ ሰዓት ለምን ይጠፋብኛል? እንዴትስ ላጥና?

መልስ (የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ እኔም በካርድ ጀምሬ በካርድ ተሸንፌአለሁ። ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን አንድ ጉዳይ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ፍርድ በሚጓዝበት ቅደም ተከተል ያጥኗቸው። አማርኛችን «በስርቆት ተጠረጠረ፣ በስርቆት ተያዘ፣ በስርቆት ተከሰሰ፣ በስርቆት ጥፋተኛ ተባለ» እያለ ሁሉንም በአንዲት «በ» ስለሚሸከም፣ እንግሊዝኛው በየደረጃው መስተዋድዱን መለወጡ አይታየንም። «ሰስፔክትድ ኦቭ»፣ «አሬስትድ ፎር»፣ «ቻርጅድ ዊዝ»፣ «ኮንቪክትድ ኦቭ» እያሉ ግሱን ከነጓደኛው ይያዙት። ቅጣቱ ሲነገር ደግሞ «ሴንተንስድ ቱ» ይባላል፤ በነጻ የተሰናበተው «አኩዊትድ ኦቭ» ነው። «ዊዝ» የሚለውን ሲሰሙ ገና ክስ ላይ መሆንዎን ጆሮዎ ይነግርዎታል።

መልስ (የእንግሊዝኛ መምህር፣ ባሕር ዳር)

በዚሁ ላይ ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚወድቁበትን አንድ ጉድጓድ ልጨምር። በአማርኛ «ስልኬን ሰረቁኝ» ስንል የተጎዳው ሰው በግሱ ውስጥ ስለሚገባ፣ ብዙዎች በእንግሊዝኛ «ዘይ ስቶል ሚ» ይላሉ፤ ይህ ግን «እኔን ራሴን ሰርቀው ወሰዱኝ» ማለት ነው! «ስቲል» የሚከተለው የተወሰደው ዕቃ ሲሆን፣ «ሮብ» የሚከተለው ደግሞ የተዘረፈው ሰው ወይም ባንክ ነው። በሕግ ቋንቋም «ሮበሪ» ኃይል ወይም ዛቻ ያለበት በመሆኑ «ውንብድና» እንጂ «ስርቆት» አይባልም። «በርግላሪ» አንድ ወጥ የአማርኛ ቃል ስለሌለው «ወንጀል ለመፈጸም አስቦ ቤት ሰብሮ መግባት» ብሎ ማብራራት ይሻላል፤ ሰውዬው ምንም ሳይወስድ ቢያዝም ወንጀሉ ያው ነውና።

መልስ (ጠበቃ፣ አዲስ አበባ)

እኔ የምመክረው ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን የታተሙበትን ነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ ነው። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 እና 20 ይጀምሩ፤ የመናገር ግዴታ አለመኖርን፣ በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብን፣ ዋስትናን፣ ጥፋተኛ እስኪባሉ ድረስ ንጹሕ ሆኖ መገመትን በሁለት ገጽ ውስጥ ያገኛሉ። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ የርስዎን ሙያ የሚመለከት ነው፤ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው።

ነገር ግን የወንጀል ሕጋችንን እንግሊዝኛ ወደ አሜሪካ ችሎት እንዳለ አይውሰዱት። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ያረቀቀው ሲሆን፣ እሱን የተካው የ1996ቱ ሕግም ከአወቃቀሩ ብዙ ወርሷል። ስለዚህ «ከባድ የሰው ግድያ» የአሜሪካኖቹ «ፈርስት ዲግሪ መርደር» ትክክለኛ አቻ አይደለም። «ፕሮቤሽን»ን ወደ «ገደብ»፣ «ፓሮል»ን ወደ «አመክሮ» ማስጠጋት ይቻላል። «ጁሪ» (ከሕዝብ ተመርጠው ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ ሰዎች) ግን በእኛ ፍርድ ቤቶች ስለሌለ፣ እማኝ ዳኞች ተብሎም ቢተረጎም ለደንበኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሳይብራራ መታለፍ የለበትም።

መልስ (የቨርጂኒያው አስተርጓሚ በድጋሚ)

በመጨረሻው ነጥብ ላይ ከጠበቃው ጋር አልስማማም። ማብራራት የጠበቃ ሥራ ነው፤ አስተርጓሚ ከራሱ ከጨመረ ችሎቱ ይገሥጸዋል፤ ደንበኛው ካልገባው እንዲጠይቅ ዕድል እንዲሰጠው ዳኛውን ማሳሰብ ይበቃል። ለሜሪላንድ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ «ሚስዲሚነር»ን («ፌሎኒ» ከሚባለው ከባድ የወንጀል ምድብ በታች ያለውን) «ደንብ መተላለፍ» ብለው እንዳይተረጉሙ። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የድብደባ ወንጀል «ሚስዲሚነር» ሆኖ ሳለ እስከ 10 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል፤ «ደንብ መተላለፍ» ካሉት ግን ቤተሰቡ ነገሩን እንደ መኪና ማቆሚያ ቅጣት አቅልሎ ያየዋል። እኔ «ከፌሎኒ በታች የተመደበ ወንጀል» እላለሁ፤ ረጅም ቢሆንም አያሳስትም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዶቹን በቅደም ተከተል አስተካክዬ በየግሱ አጠገብ መስተዋድዱን በቀይ ጻፍሁ። ለሙከራ ያህል የጎረቤቴን ልጅ ጉዳይ እንዲህ አስቀመጥሁት፦ «ሂ ወዝ አሬስትድ ፎር ሮበሪ ኤንድ ቻርጅድ ዊዝ ቴፍት።» ልክ ነው?

መምህሩ

ሰዋስዉ ልክ ነው። ሲያዝ የተጠረጠረው በውንብድና፣ የተከሰሰው ግን በቀለለው በስርቆት ነው ማለት ነው። ደብዳቤው የሚለው ይህንኑ ከሆነ፣ ለእናትየው ዛሬውኑ ይንገሯት።