የሺምፐር የድንጋይ ሽበት ናሙናዎች የት ይገኛሉ?

ጥያቄ፦ ደጋዋ
ሰላም ቤተሰብ! የማስተርስ ጽሑፌ በሰሜን ተራሮች ላይከን ላይ ነው፤ የድንጋይ ሽበት፣ የዛፍ ሽበት የምንለው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ሺምፐር ከ1837 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገራችን ገብቶ የሰበሰበውን ከዛሬው ጋር ማወዳደር እፈልጋለሁ። «የበርሊኑ ሄርባርየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማኖሪያ) በጦርነት ተቃጥሏል፣ ዝም ብለሽ አትልፊ» ተባልኩ። ሁሉም ጠፍቷል ማለት ነው? ከተገኘስ ዝርያውን ለመለየት በኬሚካል ልፈትነው እችላለሁ?

አባ ቅጠሌ፦
አይዞሽ እህቴ። ቃጠሎው እውነት ነው፤ በማርች 1943 በቦምብ ተመቶ አብዛኛው ስብስብ ወድሟል። ሺምፐርን የላከው ግን ኤስሊንገን ያለ ማኅበር ነበር። ከአንድ ቦታ የተለቀመውን እየከፋፈለ፣ አንድ ቁጥር እየሰጠ፣ ገንዘብ ላዋጡ አባላት ያድል ነበር። ስለዚህ በርሊን የጠፋው ሌላ አገር መንትያ ሊኖረው ይችላል። በስም ብቻ አትፈልጊ፤ ስም በየጊዜው ይቀየራል። ቁጥሩን ያዢ። የፓሪሱን ሄርባርየም ጠይቂ። ኪው የሚባለው የለንደን የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ላይከኖች ደግሞ አሁን ለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ናቸው፤ ኪው ጽፈሽ ጊዜ እንዳታባክኚ።

የአድዋ ልጅ፦
የቦታ ስሞቹ እንዳያደናግሩሽ። የጻፉት በጀርመን ጆሮ ነው። «ሾሎዳ» ካየሽ የአድዋው ሶሎዳ ተራራ ነው፤ «አዶአ» ራሷ አድዋ ናት። ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ወዲያው ይገባሻል።

ላብ ውስጥ ነኝ፦
የኬሚካሉን ነገር በጣም ተጠንቀቂ! በረኪና ወይም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የነካው ቦታ ቀለሙ ይለወጣል፣ ተመልሶ አይድንም። ኃላፊው ሳይፈቅድ ጠብታ እንዳታሳርፊ፤ ዝርያው መጀመሪያ ስም ሲወጣለት መነሻ የሆነው ናሙና ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም። ከተፈቀደልሽ ፍርፋሪ ወስደሽ ለብቻው ፈትኚ። ቀለሙን የሚያመጡት የላይከን አሲዶች ደርቀውም ረጅም ዘመን ስለሚቆዩ ውጤት ታገኛለሽ። አንድ ድንጋይ ላይ ሦስት ዓይነት ላይከን ሊኖር ስለሚችል በሌንስ አይተሽ የቱን እንደነካሽ መዝግቢ። ጓንትም አድርጊ፤ ድሮ ነፍሳት እንዳይበሉት ሜርኩሪ ያለበት መርዝ ይቀቡ ነበር።

ደጋዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ኢሜይሉ ላይ ምን ልጻፍ?

አባ ቅጠሌ፦
አጭር አድርጊው። ሰብሳቢ፣ ቁጥር፣ ቦታ፣ ዓመት። መጀመሪያ የናሙናውንና አብሮት ያለውን የመረጃ ወረቀት ፎቶ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ በነፃ ይልካሉ። ናሙናው ራሱ እንዲመጣ ከፈለግሽ ግን ለተማሪ በግል አያውሱም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባርየም በስሙ እንዲጠይቅልሽ አማካሪሽን አነጋግሪ።