ተሳፋሪ የመታው የአውቶቡስ ሹፌር ምን ማድረግ ይችላል? (ሲያትል)

ጥያቄ፦ ዮናስ
ሰላም ወገኖቼ። ሲያትል አካባቢ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ አልወርድም ያለ ተሳፋሪ ፊቴ ላይ ምራቁን ተፋብኝ፤ ትከሻዬንም በቡጢ መታኝ። በሬዲዮ ለተቆጣጣሪው ስናገር «ደህና ከሆንክ ቀጥል» ተባልኩ። አሁን እጄን ወደ ላይ ማንሳት አቅቶኛል፤ ሌሊትም እንቅልፍ የለኝም። ለፖሊስ አላመለከትኩም። ጊዜው አልፎብኝ ይሆን? ባለቤቴ ሥራውን ተወው እያለችኝ ነው።

መልስ፦ ሂሩት
እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። ጊዜው አላለፈም። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድና ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ተናገር። በዋሽንግተን ስቴት የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በ1 ዓመት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ከሥራ ካሳረፈህ ከደመወዝህ ከ60 እስከ 75 በመቶ ይከፈልሃል፤ መጠኑ እንደ ትዳርህና እንደ ልጆችህ ቁጥር ይለያያል። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚከፈሉት ግን በ14ኛው ቀንም መሥራት ካልቻልክ ነው። እንቅልፍ ማጣትህንም አትደብቅ! እንደ ድብደባ ያለ አንድ ድንገተኛ ክስተት ያስከተለው የአእምሮ ጉዳትም በካሳው ሕግ ይሸፈናል። እኛ ሐበሾች የተሰበረ አጥንት እንጂ የተረበሸ ልብ ለሐኪም አንናገርም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምራቁ ዓይንህ ወይም አፍህ ውስጥ ገብቶ ከሆነም ለሐኪሙ ንገረው።

መልስ፦ ጋሽ ተፈራ (ጡረተኛ ሹፌር)
ልጄ፣ ቪዲዮው እንዳያመልጥህ! የአውቶቡሱ ካሜራ የቀረጸው በአዲስ ቀረጻ እየተተካ ይጠፋል። የአውቶቡሱን ቁጥር፣ መስመሩንና ሰዓቱን ጠቅሰህ ቀረጻው እንዲቀመጥልህ ለአለቃህ ዛሬ በኢሜይል ጻፍ፤ ለሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይም ቅጂውን ላክ። አለቆችህ ለጥያቄ ቢጠሩህና ቅጣት ይከተላል ብለህ ብትሰጋ፣ ተወካዬ ይገኝልኝ ማለት መብትህ ነው።

መልስ፦ ብርሃኑ
እኔ ብሆን ለፖሊስ አላመለክትም። ሰውዬው የታመመ ምስኪን ሊሆን ይችላል። ቢታሰር ለማን ይጠቅማል?

መልስ፦ ሂሩት
ብርሃኑ፣ ርኅራኄህን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። በዚህ ስቴት በሥራ ላይ ያለን የአውቶቡስ ሹፌር መምታት የሦስተኛ ደረጃ ጥቃት ነው፤ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሰውዬው ይታሰር ወይስ ይታከም የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ዮናስ ዝም ቢል ነገ በዚያው መስመር የምትነዳዋን እህታችንን ማን ይጠብቃታል? በዲሴምበር 2024 እዚሁ ሲያትል፣ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ውስጥ አንድ ሹፌር በሥራ ላይ ሳለ በስለት ተወግቶ ሞቷል።

መልስ፦ ጋሽ ተፈራ
እውነቷን ነው። ከ2021ዱ የፌደራል የመሠረተ ልማት ሕግ ወዲህ ትላልቅ የትራንስፖርት ድርጅቶች የደኅንነት ኮሚቴ የማቋቋም ግዴታ አለባቸው፤ በኮሚቴው ሠራተኛውና አስተዳደሩ እኩል ወንበር አላቸው። ተወካይህ ጉዳዩን እዚያ ያቅርበው። የሹፌሩ መከለያ ይጠናከር፣ ማታ ጥበቃ ይመደብ ለማለት የተመዘገበ ጥቃት መኖር አለበት።

ዮናስ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ፖሊስ ዘንድ እሄዳለሁ። ቃሌን በአማርኛ መስጠት እችላለሁ?

ሂሩት
አስተርጓሚ ጠይቅ፤ አንተ አትከፍልም። ልጅህን ግን አስተርጓሚ አታድርግ። የጻፉትን ሳይነበብልህ አትፈርም፤ የመዝገቡንም ቁጥር ተቀብለህ ውጣ፣ ካሳውን ስትጠይቅ ይጠቅምሃል።