ድመቴ ከግቢ እንዳትወጣ አጥሩን ምን ላድርገው? አስቸኳይ ነው

ባለ ድመቷ (ኮተቤ)፦
ሚሚ እንዳትወጣ በእንጨት ደግፌ አጥሩ ላይ የዘረጋሁት የሽቦ መረብ ትናንት ሌሊት በጣለው ዝናብና ነፋስ ተገንድሶ ወደቀ። እርሷም በዚያው በኩል ወጥታ አድራ ጠዋት የኋላ እግሯን ተነክሳ ተመለሰች። አሁን ኩሽና ውስጥ ዘግቼባታለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ትጮኻለች፣ በሩንም ትቧጭራለች። ጎረቤት ሁለት ትልልቅ ውሾች አሉ፤ በዚያ ላይ ከሌላኛው ወገን ለአይጥ መርዝ መደረጉን ዛሬ ሰማሁ። እስከ ማታ ላደርገው የምችለው ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

በያጁ፦
እህቴ፣ አይዞሽ። አጥሩ ብሎኬት ነው ወይስ ቆርቆሮ? ቁመቱስ ምን ያህል ነው? ከአጥሩ አጠገብ ሰርቪስ ቤት፣ የውሃ ሮቶ ወይም ዛፍ አለ? ቤቱ የራስሽ ነው ወይስ የኪራይ? ይህን ሳናውቅ የምንሰጥሽ ምክር ሁሉ ግምት ይሆናል።

የደብረ ብርሃኑ፦
እኔ በነገሩ መነሻ አልስማማም። ድመት የሚያዘው አይጥ እንዲያጠፋ ነው፤ በአጥር ተከልሎ የሚውል ድመት ተፈጥሮውን ያጣል፣ ይሰንፋል። እኛ ቤት ድመቶች እንደ ልባቸው ወጥተው ይገባሉ፣ ምግባቸውንም ራሳቸው ያገኛሉ። የግድ መያዝ ካለባት ደግሞ ረዘም ባለ ገመድ ከቋሚ ላይ ማሰር ይበቃል፤ ለዚህ ሁሉ ወጪ ምክንያት አይታየኝም።

የእንስሳት ሐኪም፦
ስለ አጥሩ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ንክሻው ልናገር፤ የሚቀድመው እርሱ ነውና። ውሻ የነከሰው ቁስል ከላይ ሲታይ ትንሽ ቀዳዳ ቢመስልም ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል በጥቂት ቀናት ውስጥ መግል ይቋጥራል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ለሐኪም መታየት አለባት። የነከሳት ውሻ ካልታወቀ፣ እርሷም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልወሰደች ጉዳዩ የባሰ ከባድ ነው። በሽታው በአገራችን በሰፊው አለ፣ ድመትንም ይይዛል፣ ምልክቱም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ጓንት አድርገው ይያዟት፣ ልጆችም አይንኳት። እርስዎን ቧጭራ ወይም ነክሳ ከሆነ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሕመሟን ለማስታገስ ብለው ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት፤ ለሰው የምንሰጠው አንድ ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል። የአይጥ መርዙንም በተመለከተ ጎረቤትዎን የመርዙን ስም ይጠይቁ፤ ማሸጊያውንም ካገኙ ፎቶ ያንሱ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ከሆነ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ዛሬ ደህና መሆኗ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህ ዓይነት መርዝ በቫይታሚን ኬ ይታከማል፤ ነገር ግን በጊዜ መድረስ ያስፈልጋል።

የሰፈሩ ሰው፦
ቀላል መፍትሔ አለ። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥተው የአጥሩን ጫፍ ይቀቡት፤ ድመት እግሯ ሲሙለጨለጭ ትተወዋለች። ካልሆነም የጠርሙስ ስባሪ በሲሚንቶ ያስተክሉበት።

የእንስሳት ሐኪም፦
ወንድሜ፣ ይህን ማንም እንዳያደርገው እለምናለሁ። ድመት ሰውነቷን የምታጸዳው በምላሷ ስለሆነ እግሯ ላይ የነካው ዘይት ሁሉ ወደ ሆዷ ይገባል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ መርዝ ነው። የጠርሙስ ስባሪም መዳፏን ይቆርጣታል እንጂ አያስቀራትም፤ ድመት በስባሪው መካከል እግሯን እየመረጠች ስታልፍ በየሰፈራችን የምናየው ነው። ገመድም ቢሆን አጥር ላይ ዘላ ከማዶ ስትወርድ አንገቷን ያንቃታል፤ ውሻ ሲመጣባትም ማምለጫ ያሳጣታል።

ባለ ድመቷ (ኮተቤ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪም ቤት ከሰዓት በኋላ እወስዳታለሁ። አጥሩ በሁለት ወገን ብሎኬት ነው፤ ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል። በቀሪው ወገን ቆርቆሮ ነው፤ የሰርቪስ ቤቱ ጣሪያም ከእርሱ ጋር ይገናኛል። አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ቤቱ የኪራይ ነው፤ አከራዬ ግድግዳው እንዳይበሳ በግልጽ ነግረውኛል። ክትባት ወስዳለች፤ አልተመከነችም።

ከሜልበርን፦
እኔ የምኖረው አውስትራሊያ ነው። እዚህ ድመትን በግቢ ውስጥ መያዝ በብዙ ቦታ ግዴታ እየሆነ መጥቷል። ለምሳሌ ዋና ከተማዋ ካንቤራ በምትገኝበት ግዛት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የተወለደ ድመት ከባለቤቱ ይዞታ እንዳይወጣ በሕግ ተወስኗል። ምክንያታቸው በዋናነት የዱር አእዋፍንና ትንንሽ እንስሳትን ከድመት ለመጠበቅ ነው፤ እግረ መንገዱን ግን ድመቶቹም ከመኪናና ከጠብ ይተርፋሉ። ስለዚህ ከላይ ለተጻፈው ተቃውሞ የምለው፣ የተከለለ ድመት ሁሉ ይጎሳቆላል ማለት አይደለም፤ የሚጎሳቆለው የሚወጣበት መደርደሪያ፣ የሚተኛበት ጥላና የሚጫወትበት ነገር ሳይኖረው የተዘጋበት ነው።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ሰዎች የሚስቱት አጥሩን ወደ ላይ ብቻ በማስረዘም ነው። ድመት የአጥሩን ጫፍ ካየችው ትደርስበታለች፤ ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ላይ በጥፍሯ እየታገዘች መውጣት አያቅታትም። የሚያቆማት ከጫፉ ላይ ወደ ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ከአናቷ በላይ የሚመጣባት መረብ ነው። ስፋቱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጠንካራ ሳይሆን የሚወዛወዝ ይሁን፤ የሚርገበገብ ነገር ላይ ክብደቷን ጥላ መውጣት አትደፍርም። ሌላው መንገድ በአጥሩ ጫፍ ላይ ሽቦ ወጥሮ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በሽቦው ላይ መሰካት ነው፤ ጥፍሯን ስታሳርፍበት ቱቦው ይሽከረከርና ወደ ውስጥ ይመልሳታል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ወደ ውስጥ ያጋደለ መረብ ከውጭ የሚመጣን ወንድ ድመት አይከለክልም፤ ገብቶም መውጫ ያጣል።

የሲኤምሲዋ፦
እህቴ፣ አከራይሽን አስፈቅደሽ አጥሩን አንድ ሜትር ብታስጨምሪው ይሻላል። የእኛን አስጨምረናል።

በያጁ፦
ወንድማችን ከሜልበርን አሁን እንዳስረዱት ማስጨመሩ አይጠቅማትም፤ በዚያ ላይ የኪራይ ቤት ነው። ጣሪያው ከአጥሩ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ቱቦውም ሆነ ያጋደለው መረብ ትርጉም የለውም፤ ሚሚ የምትወጣው በጣሪያው ነውና። እኔ የምመክርሽ ግቢውን በሙሉ ለመዝጋት መድከሙን ትተሽ ከኩሽናው መስኮት ጋር የሚገናኝ፣ ከላይም የተሸፈነ የሽቦ ቤት እንድታሠሪ ነው። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር፣ ቁመቱም ሁለት ሜትር ቢሆን ሰው ቆሞ ሊያጸዳው ይችላል። ማዕዘኖቹን በአንግል ብረት ወይም በፌሮ አስበይደሽ፣ ጎኖቹን ቀዳዳው ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ሽቦ ታለብሺዋለሽ። ስስ የዶሮ ሽቦ ድመቷን ቢይዝም ውሻ ከውጭ ሲገፋው ስለሚቀደድ ብየዳ ያለበትን ምረጪ። ከጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ ይሁን፤ ለክረምቱም ለፀሐዩም ያስፈልጋል። ቤቱ በራሱ የሚቆም ስለሆነ ግድግዳ አይበሳም፤ ስትለቂ ፈትተሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ። እንዲፈታ ከፈለግሽ ግን ጎኖቹ በብሎን እንዲያያዙ ለሠራተኛው አስቀድመሽ ንገሪው፤ አለበለዚያ ሁሉንም በይዶ ይሰጥሻል። መሬቱ አፈር ከሆነ ከሥር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ወደ ውጭ አጥፈሽ በድንጋይ ጫኚበት፤ ውሻ ከሥር መቆፈር ይወዳል። በሩ ሁለት መቀርቀሪያ ይኑረው።

ለዛሬ ማታ የወደቀውን መረብ ለማንሣት አትሞክሪ። ኩሽናው ውስጥ ትደር፤ አሸዋ በሳፋ፣ ውሃና የምትደበቅበት ካርቶን አስቀምጪላት፤ ክብሪት፣ ዘይትና በረኪና ከአጠገቧ አርቂ።

የእንስሳት ሐኪም፦
በያጁ የተናገሩት ትክክል ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ያልተመከነች ድመት ከአራት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች፤ እንደ እኛ ባለ የቀኑ ርዝመት እምብዛም በማይለዋወጥ አገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እየደጋገመ ይመጣባታል፣ በዚያም ጊዜ ማንኛውንም አጥር ትፈትናለች። ጩኸቷና በር መቧጨሯ ከቁስሉ ሕመም ብቻ ሳይሆን ከዚህም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁስሏ ሲድን ያስመክኗት። ይህን በአካባቢዎ የሚሠራ ካላገኙ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ክትባቷንም መቼ እንደወሰደች ካርዱን ይዘው ይሂዱ፤ ጊዜው ያለፈ ከሆነ ለሐኪሙ መናገር አለብዎት። ሁለተኛው የአሸዋው ጉዳይ ነው። ከድመት ዓይነ ምድር የሚወጣው የቶክሶፕላዝማ ተሕዋስ ሰውን ለመያዝ የሚደርሰው ቢያንስ ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ በየቀኑ ይጽዳ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ግን እርሷ አታጽዳው።

የደብረ ብርሃኑ፦
ስለ ገመዱ የተባለውን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ሽቦ ቤት ውስጥ ከዋለች የግቢውን አይጥ ማን ሊይዘው ነው? ሰው ወደ መርዝ የሚሄደው እኮ ድመት ሲጠፋ ነው።

በያጁ፦
አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ቀን ሽቦ ቤቷ ውላ ማታ ቤት ውስጥ ብታድር የቤቱን አይጥ ትይዛለች። ጎረቤት ያደረገው መርዝ ያደነዘዘውን አይጥ ከውጭ ይዛ ብትበላ ግን እርሷም ልትመረዝ ትችላለች፤ እህታችንን ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

የጓሮ አትክልት ወዳጅ፦
ሽቦ ቤቱ የሚቆምበትን ቦታ ስትመርጪ በአቅራቢያው ያለውን ተክል ተመልከቺ። ሊሊ አበባ ለድመት እጅግ አደገኛ ነው፤ ቅጠሉን ወይም የአበባውን ብናኝ መላስ ብቻ ኩላሊቷን ያበላሻል። የጉሎ ፍሬም መርዝ ነው፤ የቁልቋል ወተት ደግሞ ዓይኗንና አፏን ያቃጥላል።

ከጀሞ ኮንዶሚኒየም፦
በዚሁ አጋጣሚ እኔም ልጠይቅ። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ድመት አለችኝ። እዚያስ ምን ይሻላል?

በያጁ፦
በረንዳውን ከወለሉ እስከ ላይኛው ኮርኒስ ድረስ በመረብ መዝጋት ነው፤ ግማሽ ድረስ ብቻ መሸፈን አይጠቅምም። የናይለን መረብ ከሆነ ፀሐይ ስለሚያደርቀው በየጊዜው እየጎተታችሁ ፈትሹት። መረቡ ከብረት መደገፊያው ጋር ብቻ ከታሰረ መካከሉ ይላላል፤ ከላይና ከታች የተወጠረ ሽቦ አሳልፉና በእርሱ ላይ እሰሩት።

የእንስሳት ሐኪም፦
ባለ ድመቷ፣ ሐኪሙ ምን አሉ? የመርዙ ስም ታወቀ?