ወተት ይጠጣል፣ ሽንኩርት አይበላም፤ ይሄ ምን ዓይነት ጾም ነው?

የቦርከና ማዶዋ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ምጣድ፣ እኔና እህቴ። ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ እሠራለሁ፤ በሌላው ቀን ጥብሱም ቅቅሉም አለ። እኔ ሙስሊም ነኝ። ግን የጾሙ ድስትና ማማሰያ ለብቻው ነው፣ ደንበኞቼም ያውቃሉ። እኛ አገር ሁለት ድስት መጣድ ብርቅ አይደለም። አሁን ግን ሦስተኛ ድስት መጣብኝ።

ከሁለት ወር በፊት ከፋብሪካ ሁለት የውጭ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አንዱ ህንድ ነው፣ የማሽን ባለሙያ። ሌላው የስሪላንካ ሰው ነው። ጓደኛሞች ናቸው፣ ሁሌም አብረው ነው የሚቀመጡት። ህንዱ የመጀመሪያ ቀን "ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም" አለኝ። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ሽሮ አቀረብኩለት። አሸተተው። "ሽንኩርት?" አለኝ። "አዎ!" አልኩት፣ በኩራት። በደንብ ነዋ ያቁላላሁት። ሳህኑን ቀስ አድርጎ ገፋና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ያለ ሽንኩርት ሠራሁለት። አሁንም አሸተተው። ለካ ሽሮው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ! እናቴ ሽሮ ስታዘጋጅ ነጭ ሽንኩርቱን ከክኩ ጋር አብራ አስጥታ ነው የምታስፈጨው። በርበሬውም እንደዚሁ ነው። ከየት ለቅሜ ላውጣው?

ድንች አይበላም። ካሮት አይበላም። ቀይ ሥርም እንደዚያው። እንጀራውን ደህና ሲበላ ከርሞ፣ እህቴ ሊጡ ሦስት ቀን እንደሚቦካ ስትነግረው እሱንም ተወ። አሁን ቂጣ ነው የምጋግርለት። ማር አይቀምስም። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ወተት ግን ግጥም አድርጎ ይጠጣል! ቂጣው ቅቤ ሲቀባማ ደስታው ነው። ጾም ነው እንዳልል ቅቤ ይበላል፤ አይደለም እንዳልል ሽንኩርት ይሸሻል።

የስሪላንካው ደግሞ ሌላ ጉድ። ቡድሂስት ነኝ ይላል። የበሬ ሥጋ አይነካም፣ የበግ ጥብስ ግን ይወዳል። በወር አንድ ቀን የጾም ያዛል፤ ቀኑ አንዴ ሰኞ፣ አንዴ ሐሙስ ነው። ባለፈው ሁለቱንም ቤታችን ልንጋብዝ አሰብን። ባለቤቴ "እንግዳ ነው፣ በግ እናርድለታለን" ብሎ በጉን ሁሉ አይቶ መጣ። ለሰውየው ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። "ለእኔ ብላችሁ የምታርዱ ከሆነ አልበላም" አለ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት መጥቶ ጥብስ አዘዘ!

ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቅር ብሎታል። ከሥጋ ቤት የመጣውን እየበላ፣ በክብር የሚታረድለትን እምቢ ይላል? የሚያውቅ ያስረዳኝ። ህንዱንስ ምን ላብላው?

ሸዋ በር

እህቴ፣ ውሃ ብቻ ስጪው። ኧረ እሱም ከ12 ሰዓት በፊት ነው ለካ 😂

እኔ ህንድ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን ህንድ ግን ዶሮ ወጥ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኦፓሉ ሰው (ደሴ)

እህቴ አብሽሪ፣ ሰውየው ጄይን ነው። ሂንዱም ቡድሂስትም አይደለም። የራሱ ጥንታዊ እምነት ነው። ህንድ ውስጥ በ2011 ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ለህንድ ጥቂት ነው።

እኔ ድሮ የደላንታ ኦፓል ይዤ ጃይፑር እመላለስ ነበር። ጆሃሪ ባዛር የሚባለው የጌጣጌጥ ሰፈር ስትገቢ ብዙው ነጋዴ ጄይን ነው። ለምን ንግድ ላይ እንደበዙ አንዱን ጠየቅኩት። "ስታርስ ትል ትቆርጣለህ፣ ጉንዳን ትረግጣለህ" አለኝ። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። አሂምሳ ይሉታል፤ ነፍስ ያለውን አለመጉዳት ነው። ፍጡርን በስሜት ሕዋሱ ይደረድሩታል። ተክል አንድ አለው፣ መዳሰስ ብቻ። ትል ሁለት፣ ጉንዳን ሦስት፣ ንብ አራት፣ በሬና ሰው አምስት። ያለ መብላት አይኖርምና ዝቅተኛውን፣ እሱንም በትንሹ እንብላ ነው ሐሳባቸው።

አሁን ወደ ሽንኩርትሽ። ጎመን ስትቀነጥሺ ተክሉ ይተርፋል። ድንችና ሽንኩርት ግን ከሥሩ ካልነቀልሽው አይገኝም። አፈር ውስጥ ያለውም ተሐዋሲ አብሮ ይጎዳል። ደግሞ ድንች ስትቆርጪው ከየዓይኑ አይበቅልም? ለእነሱ ያ አንድ ድንች አይደለም፣ በአንድ ገላ ውስጥ የታጨቀ ብዙ ሕይወት ነው። እኔ ይሄን ከሰማሁ በኋላ የበቀለ ድንች ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ማሩ የንቦቹ ጉዳይ ነው። ሊጡ ሲያድር ውስጡ ረቂቅ ፍጡር ይራባል ይላሉ። ማታ የማይበሉት ደግሞ ኩራዝ የሚስበው ትንኝ ወጥ ውስጥ እየገባ ስለሚሞት ነው፤ ዛሬ መብራት አለ፣ ሥርዓቱ ግን እንዳለ ነው። ሾላ እንኳ ክልክል ነው። ገምሰሽ ካየሽው ለምን እንደሆነ ይገባሻል።

ወተቱ ላምዋን ስለማይገድል ይፈቀዳል። ከእኛ ጾም ጋር የተገለበጠብሽ ለዚህ ነው። እኛ "ከእንስሳ የወጣ ነው ወይ?" እንላለን። እሱ የሚጠይቀው ሳህኑ ጋ እስኪደርስ ምን እንደሞተ ነው።

ሁሉም ግን እኩል አጥባቂ አይደለም። ድንች ሰርቆ የሚበላ ጄይን ጃይፑር አይቻለሁ፤ እናቱ እንዳትሰማ!

ሰኞ ገበያ

ጋሼ፣ ወተቱ ላይ አልተስማማሁም። ጥጃውስ? ወይፈኑስ መጨረሻው የት ነው? እኛ ቤት ላም ነበረን፤ ጥጃዋ እያየች ነው የምትታለበው።

ደግሞ ቡድሃ ራሱ ሥጋ ይበላ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ኦፓሉ ሰው (ደሴ)

ወንድሜ፣ ጥጃው ላይ ትክክል ነህ። እነሱም እርስ በርስ ይከራከሩበታል። ወተት እርግፍ አድርገው የተዉ ወጣት ጄይኖች አሉ።

ወደ ቡድሃ ልምጣ፤ የባለቤትሽም ቅሬታ መልሱ እዚያ ነው እህቴ። ባንኮክ ጎህ ሲቀድ ብትወጪ መነኮሳቱን ታያቸዋለሽ። ብርቱካናማ ልብስ፣ ባዶ እግር፣ እጃቸው ላይ ሳህን። ልክ እንደ ቆሎ ተማሪ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፣ ልዩነቱ ውሻ የማያባርራቸው መሆኑ ነው። እኔ ካረፍኩበት ፊት ለፊት አንዲት ሴትዮ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ስታደርግላቸው አይቻለሁ። መነኩሴው አልመረጠም። ክዳኑን ገጥሞ ሄደ። ከቀትር በኋላ ግን ምግብ አይቀምሱም።

ለማኝ አይመርጥም፤ ስለዚህ ቡድሃ ለመነኮሳቱ ሥጋን ጨርሶ አልከለከለም። ገደብ ግን አበጀለት። እንስሳው ለአንተ ተብሎ ሲታረድ ካየህ፣ ከሰማህ ወይም ከጠረጠርክ አትብላ። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ብላ። በዚህ ላይ 10 ዓይነት ሥጋ ጭራሽ አይነካም፤ የሰው፣ የዝሆን፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የእባብ፣ የአንበሳ እያለ ጅብ ድረስ ይሄዳል። ጅብ ማን አምጥቶ ሊሰጣቸው እንደነበር እንጃ።

ታሪኩ ደግሞ ሁለቱን እንግዶችሽን ያገናኛል። ሲሃ የሚባል የጦር አዛዥ ነበር፣ የጄይኖች ተከታይ የነበረ። ወደ ቡድሃ ዞረና ምሳ ጋበዘው። ሥጋውን ከገበያ አስገዛ። ጄይኖቹ ቬሳሊ ከተማ ውስጥ እየዞሩ "ሲሃ ለቡድሃ ብሎ ትልቅ ከብት አረደ፣ እሱም እያወቀ በላ" ብለው ጮኹ። ሲሃ ሐሰት ነው አለ። የሦስቱ ነገር ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው ይላል መጽሐፋቸው። ዴቫዳታ የሚባል የቡድሃ ዘመድም ሥጋና ዓሣ ለመነኮሳት በሕግ ይከልከል ብሎ ሲጠይቅ፣ ቡድሃ የፈለገ ይተው እንጂ ግዴታ አላደርግም አለው።

ይሄ እንግዲህ የስሪላንካና የታይላንድ መንገድ ነው። ቻይና ሂጂ፣ መነኩሴው ሥጋ አይነካም። በ6ኛው መቶ ዘመን ዉ የተባለ ንጉሥ መነኮሳቱን ሥጋና መጠጥ ከልክሏቸዋል። እነሱም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይተዋሉ፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው፣ ስሜት ይቀሰቅሳል ነው የሚሉት። ቲቤት ደግሞ ከፍታ ነው፣ አትክልት እንደልብ አይበቅልም፣ መነኩሴው ሳይቀር ሥጋ ሲበላ ኖሯል።

እና ያንቺ ሰውዬ መነኩሴ ባይሆንም ነገሩ ውስጡ አለ። የሥጋ ቤቱ በግ ስሙን አያውቀውም። የባለቤትሽ በግ ግን ለእሱ ተብሎ ሊሞት ነው፣ አንቺም በአፍሽ ነግረሽዋል! ክብሩን አልናቀም፤ ሞቱ በእሱ እንዳይመዘገብ ነው። በወር አንዴ የሚጾማት ቀን ጨረቃ ሙሉ የምትሆንባት ናት፣ ፖያ ይሏታል። አገሩ ውስጥ በዚያ ቀን ሥጋና መጠጥ አይሸጥም። የበሬውን ሥጋ መተው ደግሞ እዚያ የብዙ ሰው ልማድ ነው።

ለአረፋ ጥሩት። የአረፋው በግ ለእሱ ተብሎ አይታረድም። ሲታረድ ግን እንዳትጠሪው፣ ሥጋው ከተሠራ በኋላ ይምጣ።

ለህንዱ፦ እርድና ዝንጅብል ደርቆ የተፈጨውን ብዙዎቹ ይበላሉ፣ እርጥቡን አይነኩም። ሽንኩርቱን ሂንግ በሚባል ቅመም ይተኩታል። ጠይቂው፣ ከሻንጣው አይጠፋም።

የቦርከና ማዶዋ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ አላህ ይስጥልኝ። ሂንጉን ጠየቅኩት። ወዲያው ከቦርሳው አወጣው! በትንሽ ብልቃጥ ቢጫ ዱቄት ነው። ስከፍተው እህቴ ወደ ጓሮ ሮጠች፣ ሽታው ጉድ ነው። የጋለ ቅቤ ላይ ቁንጥር ሳደርግበት ግን ቤቱ ልክ ሽንኩርት እንደተቁላላ ሸተተ። ሽምብራ ብቻውን አስፈጨሁ። ዛላውን በርበሬ ምንም ሳልቀላቅል ወቀጥኩት። ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ የእርድ ዱቄት። ሽሮው ትንሽ ቀጠነብኝ፣ እሱ ግን ከነቂጣው ጠረገው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የማቀርብለት፣ ሰዓቱን እያየ ነው የሚበላው። እንግዲህ ሦስተኛው ድስት ገባ።

በዓመት አንድ ጊዜ ስምንት ቀን የሚጠብቁት ጾም እንዳላቸውም ነገረኝ፤ በነሐሴ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ይውላል አለኝ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሰው ይቅርታ ይጠያየቃል። "አፉ በለኝ" መባባል ማለት ነው ስለው ቃሉን ጻፊልኝ አለ። ጻፍኩለት።

ባለቤቴ ግን አልተረታም። ያልከውን አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰምቶ "ሥጋ ቤቱስ ለማን ብሎ ነው የሚያርደው? ለሚበላው አይደል?" አለ።

ኦፓሉ ሰው (ደሴ)

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ላንካቫታራ የሚባለው የቡድሂስቶች መጽሐፍ ሥጋን የሚከለክለው በዚሁ ነው፤ የሚበላ ባይኖር የሚያርድ አይኖርም ይላል። ለስሪላንካው ግን አትንገሪው፣ አንድ ደንበኛ ታጪያለሽ።

የቦርከና ማዶዋ (ኮምቦልቻ)

😂 አልነግረውም። ሂንግ ደሴ የሚሸጥ የቅመም ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ብልቃጡ ወደ ማለቁ ነው።