የሻምፒዮኗ ግጥሚያ ማሟሻ መሆን ነበረበት?

መነሻ ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15፣ 2024 አርሊንግተን፣ ቴክሳስ። አየርላንዳዊቷ ኬቲ ቴይለር አራቱን የሱፐር ላይትዌይት (የክብደት ምድብ ነው) የሻምፒዮንነት ቀበቶዎቿን ይዛ ከፖርቶ ሪኳዊቷ አማንዳ ሴራኖ ጋር ተጋጠመች። የምሽቱ ዋና ግጥሚያ ግን በዩቲዩብ የታወቀው የ27 ዓመቱ ጄክ ፖልና የቀድሞው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ የ58 ዓመቱ ማይክ ታይሰን ነበር። የሴቶቹ ከዚያ በፊት ተደረገ። ተገቢ ነበር ትላላችሁ?

የድሮ ቦክሰኛ፦ በፍጹም! የምጣድ ማሟሻ ነው ያደረጓቸው። ፖልና ታይሰን የተጋጠሙት ስምንት ዙር ብቻ፣ ያውም ባለ ሁለት ደቂቃ። ጓንቱ ወፍራም፣ 14 አውንስ። ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ሴቶቹ ብቻ አይደሉም። ማሪዮ ባሪዮስ የዌልተርዌይት ቀበቶውን ይዞ ከአቤል ራሞስ ጋር 12 ዙር ተፋልሟል። እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ወድቀው ተነስተው አቻ ወጡ። ዛሬ ያን ግጥሚያ ማን ያነሳዋል?

ከዳላስ፦ እኔ ስታዲየሙ ውስጥ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቲኬት የገዛሁት ለታይሰን ብዬ ነው። ግን የሴራኖ ቅንድብ ተተርትሮ፣ ደሙ ዓይኗ ላይ እየወረደ ስትማታ ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። ዋናው ግጥሚያ ሲደርስ ሕዝቡ መጮህና ማጉረምረም ጀመረ።

የቦክስ ሠልጣኝ፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ግን የሴቶቹን ግጥሚያ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት በኔትፍሊክስ አይቶታል። በጁላይ 2025 ደግሞ ሦስተኛው ግጥሚያቸው በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ዋና ሆነ። የዚያ ምሽት ግጥሚያዎች በሙሉ የሴቶች ነበሩ። በሩን የከፈተው ያ ማሟሻ ነው።

የድሮ ቦክሰኛ፦ ልጄ፣ እዚያው አዳራሽ እኮ በ2022ም ዋና ግጥሚያ ነበሩ። ያኔ ታይሰን አላስፈለጋቸውም።

የቦክስ ሠልጣኝ፦ ልክ ነው፣ ነበሩ። ግን ያኔ ያያቸው ቦክስ ወዳዱ ነው። በቴክሳሱ ምሽት እናቴ ሳትቀር አየች፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነስታ። ስለ ቦክስ ከእኔ ጋር ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው።

ነጥብ ቆጣሪ፦ እናንተ ስለ ተራ ትከራከራላችሁ፣ ሴራኖ ተዘርፋለች! ያሳረፈችው ቡጢ 324፣ ቴይለር 217። ቴይለር በጭንቅላት እየመታች በስምንተኛው ዙር ነጥብ ተቀንሶባታል። ሦስቱም ዳኞች ግን 95 ለ94 ለእሷ ሰጡ። ነጥቡ ባይቀነስ 96 ለ94 ነበር፤ ከአሥሩ ዙር ስድስቱ ለቴይለር ማለት ነው። የትኞቹን ስድስት?

ከዳላስ፦ ውጤቱ ሲነገር ስታዲየሙ በተቃውሞ ጩኸት ተናወጠ። እኔም ጮኬያለሁ። ግን ቡጢ ዙር በዙር ነው የሚዳኘው፣ ጠቅላላ ድምር አያሸንፍም።

የቦክስ ሠልጣኝ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባሪዮስ 12 ዙር፣ ዙሩ ሦስት ደቂቃ። ቴይለርና ሴራኖ 10 ዙር፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ሴራኖ በ2023 ልክ እንደ ወንዶቹ 12 ዙር በሦስት ደቂቃ ተጋጥማ አሸንፋለች። ቀበቶ ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ፣ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት (WBC)፣ ለሴቶች ይህን አልፈቅድም ስላለ ቀበቶውን መልሳ ሰጠች። እኔ ጂም ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ሦስት ሦስት ደቂቃ እሠራለሁ። ውድድር ስገባ ለምን ይቀነስብኛል?

የድሮ ቦክሰኛ፦ በዚህኛው ካንቺ ጋር ነኝ። በመጀመሪያው ግን አልተረታሁም።